የቅነሳ ደብዳቤ ሲደርስ፦ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ልጻፍ?

መጋቢት 2015 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የደሞዝ ሒሳብ የሠራሁበት ድርጅት ዘጠኛችንን በአንድ ቀን ጠራን። የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው። ዶላር ጠፋ፣ ዕቃ አልገባ አለ፣ ከ62 ሠራተኛ ዘጠኙ ይቀነስ ተባለ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጠበቀኝ። አንዱ የስንብት ደብዳቤ ነው። ሌላው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም፦ «ከድርጅቱ ጋር በስምምነት ተለያይቻለሁ። የሚገባኝን ክፍያ ሁሉ ተቀብያለሁ። ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም።» እስክሪብቶው ክዳኑ ተነስቶ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ፈርሚና ቼክሽን ውሰጂ» አለችኝ የኤችአር ኃላፊዋ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አብረን ቡና የምንጠጣ ነን። እሷም የታዘዘችውን ነው የምታደርገው። እኔ ግን የሌላ ሰው ስንብት ስሠራ የኖርኩ ነኝና ዓይኔ ቀጥታ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ጎድሏል። «ነገ አንብቤ እመለሳለሁ» ብዬ የስንብት ደብዳቤውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

የዚያን ቀን ማታ ስልኬ እረፍት አላገኘም። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ሁሉም የሚደውለው ለእኔ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ጠበቃ እንያዝ ወይ? ያኔ መልስ አልነበረኝም። በቀጣዮቹ ወራት ግን የዘጠኛችንንም ነገር ከቅርብ ተከታተልኩ። ለአንዳንዱ ጠበቃ መያዝ ገንዘብ መበተን ነበር። ለአንዳንዱ ደግሞ አለመያዙ የ19 ዓመት ልፋቱን ሊያሳጣው ነበር። ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ከፊርማው እንጀምር

ደብዳቤው ለመድረሱ መፈረም ምንም ክፋት የለውም። እንዲያውም የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት። ኋላ ላይ ይህቺ ቀን ትልቅ ዋጋ ይኖራታል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በስምምነት ሊቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ቢልም መተዉ ዋጋ የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው «በቃ፣ አንዴ ፈርሜያለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እንዲህ ያደረጋችሁ ካላችሁ ነገሩ አላለቀም። ያም ሆኖ ባትፈርሙ ይሻላል። ፊርማችሁ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ቅነሳ ነበር ወይስ ስምምነት?» የሚል አዲስ ክርክር ይከፍታል። ስምምነት ነው ከተባለ ለተቀነሰ ሰው ብቻ የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያ አብሮ ይቀራል።

ገንዘቡን ግን መቀበል ትችላላችሁ። በመጠኑ ባትስማሙም አሠሪው ያመነውን ያህል በጊዜው መክፈል አለበት። እኔ በማግስቱ ሄጄ የቼኩ ማስፈረሚያ ላይ በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ብር 45,000 ተቀብያለሁ።» ከሥሩ ፈረምኩ። በስልኬም ፎቶ አነሳሁት። ማንም አልተጣላኝም።

ጠበቃ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩ

ይህን ያህል አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንት እንደሚገባው የማያውቅ ሰው ጠበቃ ያስፈልገው እንደሆነም ማወቅ አይችልም። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ቤዚክ ደሞዜ በወር 15,000 ብር ነበር፤ በቀን 500። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ማለትም 15,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል፤ 5,000 ብር። ስድስት ዓመት ስለቀረኝ 30,000። ድምሩ 45,000 ብር። ይህ ዋናው የስንብት ክፍያ ነው፤ ምንም ያህል ዓመት ብትሠሩ ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ድርጅታችን እዚህ ላይ አቆመ። ነገር ግን ሰው የተሰናበተው በቅነሳ ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመርለታል። ለእኔ 30,000 ብር ነው። ስለዚህ የሚገባኝ 75,000 ነበር።

ሌላም ጎድሏል። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። እኔ የተሰጠኝ አንድ ወር ነው። የቀረው የአንድ ወር ደሞዝ፣ 15,000 ብር፣ ይከፈለኛል ማለት ነው። ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ በትክክል አስበውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልጥቀስ። ኦቨርታይም፣ የትራንስፖርት አበል፣ ውሎ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን በሕጉ ደሞዝ አይባሉም። አንድ የሽያጭ ልጅ እነዚህን ሁሉ ደምሮ «ግማሹን በሉኝ» እያለ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣ። ቤዚኩን ብቻ ይዘን ስንሠራው የጎደለው የ60 ቀኑና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያው ብቻ ሆነ።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የተረከባችሁትን ንብረት ባለመመለሳችሁ ከዘገየ ግን ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ክሊራንሳችሁን ቶሎ ጨርሱ። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ሊጨምርበት ይችላል።

ጠበቃዋ የጠየቀችኝ ጥያቄ

የጎደለኝ 45,000 ብር ነው። ይህን ይዤ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ሁለት ቢሮ ገባሁ። የመጀመሪያው ጠበቃ ደብዳቤዬን ሳያነብ 20,000 ብር ቅድሚያ ጠየቀኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ሁለተኛዋ ደብዳቤውን በእርሳስ እያሰመረች እስከ ማኅተሙ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «የምትቃወሚው መቀነስሽን ነው ወይስ ሒሳቡን?» አለችኝ።

ሒሳቡን አልኳት። ድርጅቱ እንደተቸገረ አውቃለሁ፤ ደሞዝ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ከሠራተኛ ተወካዮች ጋርም ተነጋግረዋል።

«እንግዲያው እኔ ገና አላስፈልግሽም። መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፊላቸው» አለችኝ። ለምክሩ 500 ብር ተቀበለችኝ። በሕይወቴ ጥሩ ነገር ገዛሁበት ከምለው ገንዘብ አንዱ ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። የተቀጠርኩበት ቀን፣ የተሰናበትኩበት ቀን፣ ቤዚክ ደሞዜ፤ ከዚያ የአዋጁን አንቀጽ 35 (ማስጠንቀቂያ) እና አንቀጽ 40 (የስንብት ክፍያ) ጠቅሼ ስሌቱን በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ስድብ የለ፣ ልመና የለ። በ7 የሥራ ቀን ካልተከፈለኝ ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አለ። በሁለት ኮፒ ወስጄ አንዱን መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደረግሁ። ያቺ ማኅተም ከሌለች ደብዳቤው እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። በሁለተኛው ሳምንት ቀሪውን ከፈሉኝ። ያንኑ ደብዳቤ ስሙንና ቁጥሩን እየቀየርን ለአምስት ሰው ጻፍነው። አምስቱም አገኙ።

ስለዚህ ጠባችሁ ሒሳብ ላይ ከሆነና ቁጥሩ በወረቀት የሚረጋገጥ ከሆነ በራሳችሁ ጀምሩ። ደብዳቤው ባይሰማም በራሳችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዲስ አበባ ላይ የምትሄዱት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ እናንተ ግን ለተጨማሪ ቀጠሮ ተዘጋጁ።

ጠቡ ምክንያቱ ላይ ሲሆን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። «ለምን እኔ?» ወይም «ይህ በእርግጥ ቅነሳ ነው?» የሚል ጥያቄ ያለው ሰው ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

የመጋዘን ኃላፊያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። 19 ዓመት አገልግለዋል። ደሞዛቸው 21,000 ብር ነው። እኔ በሠራሁት መሠረት ዋናው ስንብታቸው 147,000፣ የ60 ቀኑ 42,000፣ ድምሩ 189,000 ብር ይመጣል። ድርጅቱ ግን «እርስዎ የሥራ መሪ ስለሆኑ አዋጁ አይመለከትዎትም» ብሎ በጣም ትንሽ ገንዘብ አቀረበላቸው። እውነት ነው፣ አዋጁ የሥራ መሪን አይጨምርም፤ የሥራ መሪ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ጥያቄው ጋሼ የሥራ መሪ ናቸው ወይ የሚለው ነው።

እኔ ይህን በደብዳቤ ልፈታው አልችልም ነበር። ጠበቃዋ ግን መጀመሪያ የጠየቀቻቸው «ሰው ቀጥረው ያውቃሉ? ሰው አባረው ያውቃሉ?» ብላ ነው። ጋሼ ሳቅ አሉ። የሚፈርሙት የዕቃ መውጫ ላይ ብቻ ነው። ለወዛደሮች ጓንት ለመግዛት እንኳ ሥራ አስኪያጁን ያስፈቅዳሉ። ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ሰው ነው። «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ብቻውን ሥልጣን አይሆንም። ጠበቃዋ የሥራ ዝርዝራቸውን፣ የድርጅቱን መዋቅርና ሥራ አስኪያጁ ውድቅ ያደረጋቸውን የግዢ ጥያቄዎች አቀረበች። ሁለት ምስክር አሰማች። ፍርዱ ለጋሼ ሆነ። ለጥብቅና 10,000 ብር ቅድሚያና ከሚያገኙት 10 በመቶ ነበር የተዋዋሉት። ወደ 29,000 ብር ከፍለው 189,000 አገኙ። እንዲህ ዓይነት ክርክር ላይ ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ሌላዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ማንን እንደሚያስቀር ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ቅድሚያ ሥራ ላይ የሚቀሩት ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው ናቸው። እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚቀነሰው አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ ቀጥሎ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰው ነው። አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና አዲስ የወለዱ እናቶች የሚቀነሱት መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ወጥታ ከእሷ በኋላ የተቀጠረች፣ ያንኑ ሥራ የምትሠራ ልጅ ቀርታለች። የምትፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ሥራዋን ነው። ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሄደች። ክሱ ቀርቦ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይደርስ ድርጅቱ መልሶ ጠራት።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። «ኮንትራትህ አለቀ» ተብላችሁ ሥራው ግን ቋሚ ከሆነ፤ በየስድስት ወሩ ውል እያደሱ ዓመታት ያስቆጠሯችሁ ከሆነ። ቅሬታ ባቀረባችሁ ወይም ማኅበር ባደራጃችሁ ማግስት «ቅነሳ» ከመጣ። ከወጣችሁ በኋላ ያው መደብ ማስታወቂያ ከወጣበት፤ ማስታወቂያውን ወዲያው ፎቶ አንሱት። የተቀነሰው ሰው ቁጥር ትንሽ ከሆነም ጠይቁ። ሕጉ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። የእኛ ከ62 ዘጠኝ ስለሆነ ግልጽ ነበር። ከዚያ በታች ሲሆን የ60 ቀኑ ጭማሪ ላይ ክርክር ይነሳል። ደሞዛችሁ ግማሹ በፔይሮል ግማሹ በእጅ የሚከፈል ከነበረም ማስረጃው ከባድ ስለሆነ ብቻችሁን አትግቡበት።

እንዲህ ዓይነት ክርክር ገንዘቡም ይሰፋል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልሳችሁና እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደሞዝ ሊያስከፍል ይችላል። ካልተመለሳችሁ ደግሞ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ180 ቀን ደሞዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። በእኔ ደሞዝ የ180 ቀኑ ብቻ 90,000 ብር ነው።

ሦስት ወሯን ቁጠሩ

ከዘጠኛችን በጣም የማዝንለት ሾፌሩ ነው። መቀነስ አልነበረበትም፤ በዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ግን አለቃው «ትንሽ ታገስ፣ ዶላር ሲለቀቅ እንጠራሃለን» አለው። ሾፌሩም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ተስተናግደው ተመለሱ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ጠበቀ። ወደ እኔ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው፤ አምስተኛው ወር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ የሚቀርበው ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል፤ የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ለገንዘቡ ስድስት ወር ስላለው በጥድፊያ ክስ አስገብተን ስንብቱን አስከፈልን። ሥራው ግን ቀረ።

ሽምግልናውን አትተዉት። ሽምግልና ግን ሰዓቱን አያቆምም። እየተነጋገራችሁም ቢሆን በሁለተኛው ወር ላይ ክሱ ተጽፎ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ነፃ ምክር የት አለ?

ክፍለ ከተማችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ መጀመሪያ እሱ ጋ፤ በማኅበሩ በኩል ፌዴሬሽኑና ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) አሉ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ክሱን በጥቂት ብር ይጽፉላችኋል። ጽሑፉን ያውቁበታል፤ ምን እንደምትጠይቁ ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የመጨረሻዋን ዳኝነት የምትጠይቅ አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡ። ወደ ሥራ መመለስ ፈልጋችሁ ካሳ ብቻ ተጽፎ እንዳይገባ።

ጠበቃ ለመያዝ ከወሰናችሁ

ይዛችሁ የምትሄዱት የቅጥር ውል፣ የዕድገት ደብዳቤዎች፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ፔይስሊፕ፣ ደሞዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት ነው። ኢሜይላችሁና መታወቂያችሁ ሳይዘጋ የራሳችሁን ወረቀት ሰብስቡ። የራሳችሁን ነው ያልኩት፤ የድርጅቱን ምስጢር ይዛችሁ ብትወጡ ሌላ ጣጣ ነው።

የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር እዩ፦ ይግባኝ ከመጣ ሌላ ክፍያ አለ ወይ? አፈጻጸሙስ ተካቷል ወይ? ፈርዶ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የተፈረደውን ማስከፈል ሌላ መዝገብ ነው። ድርጅቱ እምቢ ካለ ሒሳቡን የሚያሳግደው አፈጻጸም ነው። ጠበቃው «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ብሎ ቃል ከገባላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልና ትሰጣላችሁ። ጋሼን የሸኘኋቸው እኔ ነበርኩ። አስቀድሞ የተተየበው ውክልና ላይ «በስሜ ገንዘብ እንዲቀበሉልኝ፣ እንዲታረቁልኝ» የሚል አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «መከራከሩን ትከራከርልኝ፤ መታረቅ ከመጣ ጠይቃኝ ነው፤ ገንዘቡን እኔው እቀበላለሁ» አሉ። ጠበቃዋም አልከፋትም፤ እዚያው ተስተካክሎ እንደገና ታተመ። ከወራት በኋላ ቼኩ በጋሼ ስም ወጣ። የጠበቃዋን ድርሻ ከባንክ አውጥተው በፖስታ ይዘው ቢሮዋ ድረስ ወሰዱላት፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።